በረቱን በደቦ እናጥብቅ፣ መርዙን ከደምቢያ እናውጣ

ለአውሬ ተብሎ ጥንብ ላይ የሚነሰነሰው መርዝ ከደምቢያ ምድር ይውጣ! የምጠራችሁ ለዚህ ነው፤ የቆላ ድባ ነዋሪዎች፣ በጎርጎራም በባሕር ዳርም፣ በጣና ዙሪያ በግና ፍየል የምታረቡ ወገኖቼ ሁሉ። መርዙን ጣሉ ብሎ መሄድ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። በጉ የተነጠቀበት ገበሬ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ አልልም። በመርዙና በጥይቱ ፈንታ ልንሠራው የምንችል ነገር አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢጀምረው ግን የትም አይደርስም።

አስቀድመን ስለ ጉዳቱ እንነጋገር። ስለ አውሬ የሚከራከር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በግ የለውም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሌላ ጫፍ ይጀምራል። በግ ለደምቢያ ገበሬ የችግር ቀን ገንዘቡ ናት። ደብተር ሲገዛ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲከፈል፣ ሰው ሲታመም ገበያ የምትወጣው እሷ ናት። ተኩላ ወይም ጅብ በአንድ ሌሊት ሦስት ጥሎ ሲሄድ የአንድ ቤት የዓመት ዕቅድ አብሮ ይሄዳል። በማግሥቱ የተረፈውን ጥንብ በተባይ መድኃኒት የሚለውሰው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ተናዷል፣ የሚረዳውም አላገኘም።

ነገር ግን መርዝ ጥፋተኛውን ለይቶ አይገድልም። ጥንቡን የበላው ጅብ ይሞታል፤ የጅቡን በድን የበላው ጥንብ አንሳ ይሞታል፤ የጎረቤት ውሻም አፍንጫው መርቶት ይመጣና ይሞታል። በአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች በፍጥነት እያለቁ ነው፤ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱም መርዝ ነው። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ የሞተ አህያ ቀናት ሙሉ ከመንደር ዳር ይከርማል። የከረመ ጥንብ ደግሞ ጅብንና ባለቤት የሌለውን ውሻ ወደ ቤታችን ይጠራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ አንድ ጥናት በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች ፊታቸውን ወደ አህያ እንደሚያዞሩ አሳይቷል። አውሬው የእኛን ጾምና ፍስክ ሳይቀር ይከተላል ማለት ነው። እንዲህ ከኑሮአችን ጋር የተሳሰረን እንስሳ በአንድ ኩባያ መርዝ እናጠፋዋለን ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። በጉን የነጠቀው ተኩላማ ያን ሌሊት ምናልባት ሌላ መንደር አድሮ ይሆናል።

ጥይቱስ? ጎንደር የአዳኝ አገር ነው፤ ይህን ታሪክ ማንም አይክደውም። ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ሰው ይዘፈንለት፣ ይፎከርለት ነበር። ያ ሰው የጣለው ግን ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ ነው፤ ክብሩን ያገኘው ሊገድለው ከሚችል ነገር ፊት ስለቆመ ነው። ቀበሮ ገድሎ አደባባይ የሚፎክር ቢኖር ኖሮ የሠርግ ቤት አዝማሪ ለዓመታት በቀለደበት! ዛሬ በባትሪ ብርሃን ዓይኑ ያበራውን ሁሉ የሚተኩስ ሰው ያንን ክብር ከየት ያመጣዋል? በሕግም ቢሆን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው።

አንድ ጥይት ምን እንደሚያደርግ ከጎረቤታችን ከስሜን ተራሮች እንስማ። በ2012 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ፤ የተገመተው በጥይት እንደተመታ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለ፣ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ዘር ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ይኖራል፤ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ደምቢያ ወርዶ በግ ሊሰርቅ አይችልም። የተመታው እንስሳ እንዲሁ ቢተው ኖሮ በረሃብ ያልቅ ነበር። ጠባቂዎችና ሐኪሞች ግን ያዙት፤ በተሠራለት መጠለያ ውስጥ 51 ቀን አስታመሙት፤ ስሙንም ተረፈ አሉት። ሲለቀቅ ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ፤ ቆይቶም የራሱን ቤተሰብ መሠረተ።

ቤተሰብ የሚለውን ቃል የምጠቀመው ለማሳመር አይደለም። ቀይ ቀበሮዎች ቀን ቀን በየፊናቸው አይጥ ሲያድኑ ይውላሉ፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙም ጆሮ ጥለው፣ ጅራት ወዝውዘው፣ እየተላላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከመንጋው የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ናት፤ ግልገሎቹን የሚመግቡትና የሚጠብቁት ግን ሁሉም ናቸው፤ አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጎሬው ዘንድ ያሉት ግልገሎች ምግብ ይቀርባቸዋል።

እንስሳ ስሜት አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ለፈላስፎች ብዙ ራስ ምታት ሆኗል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ዴካርት እንስሳት ማሰብ የማይችሉ እንደ ሰዓት ያሉ መኪናዎች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ተከታዮቹም የውሻን ጩኸት ከመኪና ድምፅ ለይተው ማየት አልፈለጉም። ሳይንቲስቶች በ2012 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ተሰብስበው፣ ንቃትን የሚያስገኘው የአንጎል ሥርዓት ለሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ጡት አጥቢዎችና አእዋፍም አላቸው ብለው ፈረሙ። ለአንድ የደምቢያ እረኛ ብትነግሩት "ይህን ለማወቅ መሰብሰብ ያስፈልጋል ወይ?" ይላችኋል። ጥጃዋ የሞተባት ላም አልታለብም ስትል የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተን ፊቷ የምናቆመው ለምንድን ነው? እናትነቷን ስለምናውቅ ነው። እያሸተተች፣ እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። ላሟ ሐዘን የማይሰማት መኪና ብትሆን ኖሮ ያን ዘዴ ማንም አያስበውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ነገር አትዘነጋውም። በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ተሥለዋል፤ አንዲት የተጠማች ወፍም ዕንባቸውን ከዓይናቸው ስትጠጣ ትታያለች። በየወሩ በ5 ስማቸውን እያነሣን ጸበልና ጻድቅ የምንቀምስ ሰዎች፣ በ6 ጠዋት መርዝ ይዘን ወደ ጥንቡ ብንሄድ ነገሩ አይገጥምም። አበው ካህናት፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ በቅዳሴ ማግሥት ብትናገሩት ሰው ይሰማችኋል።

አሁን የሚመጣውን ጥያቄ አልሸሸውም። "የተኩላው ስቃይ ከተቆጠረ የበጓስ?" ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። በግ ሞኝ ናት ይባላል እንጂ፣ በእንግሊዝ የተሞከሩ በጎች 50 የሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ ሲያስታውሱ ታይተዋል። የተነከሰች በግ ትፈራለች፣ ታምማለች፣ ግልገሏን ትፈልጋለች። ተኩላውን ለመግደል የምናወጣው ጉልበት ግን ይህችን በግ አያድናትም፤ ተኩላው የሚገደለው እሷ ከተበላች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። የበጓንም፣ የተኩላውንም፣ የባለቤቷንም ስቃይ በአንድ ጊዜ የሚያስቀር ነገር ያለው በሌሊቱ መጀመሪያ፣ በበረቱ ደጃፍ ላይ ነው።

ስለዚህ በረቱን እንሥራው። ብዙዎቹ በረቶቻችን በላይ ክፍት፣ በሥር ልል፣ በደጃፍ ደካማ ናቸው፤ ጅብ ይገፋል፣ ይቆፍራል፤ ተኩላ ይዘላል። ደምቢያ ድንጋይ እንደ ልብ የማይገኝበት የጥቁር አፈር ሜዳ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን አናጣም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ተጠጋግቶ የተተከለና ሥሩ በጥልቀት የተቀበረ አጥር፣ በላዩ የእሾህ ቅርንጫፍ፣ ለግልገሎቹ ጣሪያ ያለው ጋጣ፣ መወርወሪያው የጠነከረ በር፣ ይኸው ነው። ከቤቱ አጠገብ ይሁን፤ ሰው የሚያሳልበት ቦታ ላይ። በጎቹም ጀምበር ሳትጠልቅ ይግቡ፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ብቻውን እስከ ማታ መንጋ ይጠብቅ ማለትም ይብቃ፤ እረኝነቱን በተራ እናድርገው። ይህን ሥራ አንድ ቤት ለብቻው ሲሠራው ሳምንት ይፈጅበታል፤ በደቦ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። አጨዳና ውቂያ በደቦ የምንሠራ ሰዎች በረት እንዴት ያቅተናል? የወሩን በዓላት ቀንሰን የሚተርፉት የሥራ ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም መኸር ከገባ በኋላ አንድ አንድ ቀን አናጣም። ጠላውም አይቀርም።

ይህም ሁሉ ተደርጎ በግ ሊሄድ ይችላል። ለዚያ ደግሞ እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳንና ንፍሮ የሚያመጣው እድራችን ለበግም የሚሆን ትንሽ ሣጥን ቢኖረው ምን ይለዋል? ሩቅ አገር ተሞክሯል፤ በፓኪስታን የባልቲስታን ተራራ መንደሮች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እረኞች በየከብታቸው ልክ ጥቂት እያዋጡ፣ በበረዶ ነብር የተበላበትን ሰው ከሣጥኑ ይክሳሉ። ገንዘቡ ከራሳቸው ኪስ ስለሚወጣ ውሸት የሚያቀርብ ጎረቤት ቶሎ ይታወቃል። የእኛም ሽማግሌዎች ጠዋት መጥተው ዱካውን አይተው፣ በረቱ በደንቡ መሠረት የተሠራ መሆኑን አረጋግጠው ይፍረዱ። መርዝ የዘረጋ ግን ከሣጥኑ አይካስ፤ ቅጣትም ይክፈል።

ደንብ አውጥቶ ማስከበር ለአማራ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳን የሣር ምድር ለመቶዎች ዓመታት ያቆየው መንግሥት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ በቄሮ ሥርዓት ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በተመረጡ አባ ቄራዎች ይጠበቃል፣ የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በአዲስ ደንብ መልሶ አቋቁሞታል። ዛሬ በዚያ ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል እየተመላለሰ አይጥ ያድናል፤ ተመራማሪዎች እንደለኩት ከጭላዳዎቹ ጋር ሲሆን አደኑ ከግማሽ በላይ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ሩብ ያህል ብቻ። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን ይዘው አጠገቡ ይግጣሉ፤ አይሸሹትም።

ስለ ውሻ ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የጨረሰው ጥይት አልነበረም፤ ከገበሬው ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እ.ኤ.አ.። ያው በሽታ የእኛን ልጆችም ይገድላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች 99 በመቶው የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወደ ጸበልም ቢኬድ፣ ወደ ባለ መድኃኒትም ቢኬድ፣ ክትባቱ ይቅደም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በመስቀል ሰሞን ይውላል፤ በዚያ ሰሞን ቆላ ድባ የክትባት ቀን ይኑራት ብለን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች እንጠይቅ። እነሱ ክትባቱን ያምጡ፤ ውሾቹን በገመድ ይዞ መሰለፍ የእኛ ፋንታ ነው።

"ሰው በሚሞትበት ዘመን ስለ ቀበሮ?" የሚል ይኖራል። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንዳሳለፈ ማንም አልረሳም፤ ይህን የሚለኝን ሰው አልቀየመውም። ግን ያ ጥያቄ የተነሣው ጥይት ርካሽ፣ ሞት ቀላል ስለሆነብን ነው። ልጆቻችን የሚያዩት ሁሉ ተኩስ በሆነበት ጊዜ አንድ ሌላ ነገር ሲሠራ ይዩ፤ ጎረቤት ለጎረቤት በረት ሲያጥር። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ እንድትወጡ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ሥራ እንጀምር። የእድር ዳኞች፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ አጀንዳ ይህን አድርጉት። ወጣቶች፣ ከየሰፈሩ የሞተ እንስሳ የሚቀበርበትን ጉድጓድ ከመንደር ውጭ ቆፍሩ፤ መርዝ ያለበትን ጥንብ ካያችሁ በእጃችሁ ሳትነኩት ለቀበሌ ተናገሩ። ሁላችሁም ደግሞ ወደ ስብሰባው ስትመጡ የአንዲት እናት ስም ይዛችሁ ኑ፤ ሌሊት በግ የሚነጠቅባትን፣ አጥር የሚያጥርላት ወንድ ልጅ በቤቷ የሌላትን። የመጀመሪያው ደቦ ለእሷ ነው። ባሕር ዛፍ ያለው አምስት አምስት አግዳሚ፣ ቆንጨራ ያለው ቆንጨራውን፣ ገመድ ያለው ገመዱን ይዞ ይምጣ።