ዓላማ ሲቀድም

በእኛ አገር ለወጣት የሚሰጠው ምክር ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ተማር፣ ሥራ ያዝ፣ ጎጆ ቀልስ፣ ራስህን ቻል፤ ለሰው መትረፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። «ከራስ በላይ ነፋስ» ይባል የለ? ምክሩ ክፋት የለውም። ችግሩ «አሁንስ ቻልኩ» የሚባልበት ቀን አለመምጣቱ ነው። ደመወዙ ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል፤ ቤቱ ሲያልቅ አጥሩ ይቀራል። ዓላማም በየዓመቱ ለከርሞ ይቀጠራል። እኔ ግን ሰው በወጉ ራሱን የሚችለው የሚኖርለትን ነገር ካወቀ በኋላ ነው እላለሁ።

የወ/ሮ አበበች ጎበናን ሕይወት እንይ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን በመሞታቸው አያቶቻቸው ዘንድ አደጉ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ሲዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ። በተለመደው መለኪያ ራሳቸውን ችለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሲሄዱ ግን አገሩን ረሃብ መትቶት አገኙት። ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ጨምረው ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ከትዳርና ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ የሚበላ ነገር እያዘጋጁ በመሸጥም ያሳድጓቸው ጀመር። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ ድርጅት ትተው ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ርኅራኄ ነው። እኔን የሚገርመኝ የአቅሙ ነገር ነው። ወይዘሮዋ ብዙ ልጆች ያስጠጉት ሀብት ተርፏቸው አልነበረም፤ ያላቸውንም አጥተው ነው። ዓላማ ሦስት ነገር ሠራላቸው። ምን መተው እንዳለባቸው ለየላቸው። የትኛውን ሙያ ዛሬውኑ ወደ ገበያ ማውጣት እንዳለባቸው አሳያቸው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውንም ፍርሃት ከላያቸው አነሳ። ብዙዎቻችንን ከሥራ የሚያስቀረን ከገንዘብ እጦት ይልቅ ይህ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። ለቤተሰቧ ብላ ዓረብ አገር የሄደች እህታችንም ዓላማ አላት። ዓመታት ለፍታ፣ ያገኘችውን ሁሉ ልካ፣ ባዶ እጇን የምትመለስ ስንት አለች! ዓላማ ሰውን እንደሚያቆም ሁሉ ይበላዋልም።

ልዩነቱ ያለው ከመሥዋዕትነቱ መጠን ሳይሆን ከፍሬው ነው። የተላከው ብር በልቶ ለማደር ብቻ ከዋለ፣ ተቀባዩ በሚቀጥለው ወርም ያንኑ እጅ ይጠብቃል፤ ላኪዋም መቼም አታርፍም። ታናሽ ወንድሟ ሙያ ከተማረበት ግን ሸክሙ አንድ ቀን ይወርዳል። የወ/ሮ አበበች ድርጅትም ሕፃናትን ከማሳደግ አልፎ የሙያ ሥልጠናና የገቢ ማስገኛ ሥራዎችን የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። እርዳታ አልጠሉም፤ ተቀብለው ሌላውን ለሥራ አበቁበት።

ስለዚህ ወጣቱን «መጀመሪያ ራስህን ቻል» ከማለታችን በፊት «ማንን ልታስችል ነው?» ብለን እንጠይቀው። መልሱ ትንሽ ቢሆን፣ አንዲት እህት ማስተማር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የሚማረውን ሙያም የሚቆጥበውንም ብር ከዚያ ተነስቶ ይወስናል።