ብሩሹና ብርጭቆው ይለያዩ



በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ባለቀለም ወረቀት ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ከአፍንጮ በር ቁልቁል ባለ አንድ ቤት፥ ቅዳሜ ማታ፥ «ለጀማሪዎች የሥዕል ትምህርት ከወይን ጠጅ ቅምሻ ጋር» እንደሚሰጥ ያስታውቃል። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የራሱን ሥዕል ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንደሚገባም ተስፋ ይሰጣል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም ባልን ነበር። ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ቢጠጣና የፈለገውን ቢቀባ እኛን ምን አገባን? ነገር ግን ማኅበራችን ትኬቱን እየሸጠ ከገቢው ድርሻ እንዲወስድ፥ ምሽቱንም የተማሪው የባህል ዝግጅት ብሎ እንዲቀበለው ሐሳብ ቀርቧል። በመጪው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። እኛ ይህ ሐሳብ ይውደቅ እንላለን፤ ምክንያታችንም ይኸው።

በመጀመሪያ በእኛ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ጥርጣሬ እናስወግድ። እኛ የጾም ሰባኪዎች አይደለንም። ከማርና ከጌሾ ጠጅ ጥላ በብርሌ የምታቀርብ አገር ልጆች ነን። የጉደርና የአክሱሚት ስም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በባቱ (ዝዋይ) አጠገብ ካለው የካስቴል እርሻ የሚመረተው ወይን ጠጅም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየመደብሩ ይገኛል። ጠላትነታችን ከወይኑ ጋር አይደለም፤ ከሥዕሉ ጋርማ ጭራሽ አይደለም። ጠባችን ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ትምህርት» የሚል ስም ከሚለጥፈው ንግድ ጋር ነው።

ይህ ንግድ ከየት መጣ? በአሜሪካ አገር በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋ ነው። ከታወቁት ድርጅቶች አንዱን በ2007 እ.ኤ.አ. በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ሁለት ሴቶች አቋቋሙት፤ ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያንን አገር ከመታው ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጎርፍ ያፈናቀለው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚስቅበት ቦታ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? በዚያ ነገሩ መዝናኛ ተብሎ ተጀመረ፤ መዝናኛ ተብሎም ይሸጣል። ወደ እኛ ከተማ ሲገባ ግን የመምህር ካባ ለብሶ መጣ።

አሠራሩን እንመልከት። አስቀድሞ የተሣለ አንድ ናሙና ከፊት ይቆማል። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ትንሽ ሸራ፥ ሁለት ሦስት ብሩሽ፥ ቶሎ የሚደርቅ አክሪሊክ ቀለምና አንድ ብርጭቆ ይታደላል። ሠዓሊው «አሁን ሰማያዊ ንከሩ፤ አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡ» እያለ ያዛል፤ ሕዝቡም እየተጎነጨ ይከተላል። በመጨረሻ በግድግዳው ሥር የሚደረደሩት ሸራዎች ከአንድ ፋብሪካ እንደ ወጡ ጠርሙሶች ይመሳሰላሉ። ማን የትኛውን እንደ ሣለው የሚታወቀው ከጀርባው በተጻፈው ስም ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ምን ተማረ? ማየትን አልተማረም፤ የሚያየው ነገር በፊቱ አልነበረምና። ቀለም መደባለቅን አልተማረም፤ ቀለሙ ተደባልቆ ቀርቦለታልና። መሳሳትንም እንኳ አልተማረም፤ የተሳሳተውን አስተካካዩ እየዞረ ይደፍንለታልና።

ደግሞም የሚበደለው ሥዕሉ ብቻ አይደለም። ወይን መቅመስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሙያው ሰዎች የወይኑን ቀለም በቀን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ያያሉ፤ ያሸትታሉ፤ ጥቂት ይጎነጫሉ፤ ምላሳቸውና ጭንቅላታቸው እንዳይደክም ይተፉታል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ሽታ የሌለበት አየር ይፈልጋሉ። በቀለምና በእርጥብ ጨርቅ ሽታ መካከል ምን ዓይነት ቅምሻ አለ? ሠዓሊውም በበኩሉ ብርሃን ይፈልጋል። ከቢጫ መብራት ሥር ሰማያዊው ይጠቁራል፥ ቢጫው ይነጣል፤ በማታ ያማረው ቀለም በማግሥቱ ሲታይ ሌላ ነው። ብሩሽ የሚታጠብበት ብርጭቆና የሚጠጣበት ብርጭቆ ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ይገምተው። ሁለት ያባረረ አንድም አልያዘም እንደሚባለው፥ በዚህ ምሽት ሥዕልም አይያዝም፥ ወይንም አይታወቅም። የሚያዘው ገንዘብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ማን ይገባል? ማንስ በር ላይ ይቀራል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ዕድሜ አልደረሱም። መጠጡ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ከገባ ማኅበራችን ወይ ታናናሾቻችንን ከበር ይመልሳል፥ ወይ ሕግ ይጥሳል። ሦስተኛ መንገድ የለም። በሃይማኖቱ ወይም በልማዱ አልኮል የማይቀምሰው ተማሪስ? «ለእርሱ ለስላሳ እናቀርብለታለን» ይሉናል። ያልጠጣውን ወይን ዋጋ ከፍሎ፥ በሌላው ሞቅታ መካከል እንደ ዘበኛ ተቀምጦ እንዲማር ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኬቱ ዋጋ አለ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በግቢው ምግብ ቤት የሚበላ፥ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ የሚቆጥር ተማሪ ይህን ከፍሎ አይገባም። እንግዲህ የተማሪው ማኅበር በተማሪው ስም የሚሸጠው ምሽት አብዛኛው ተማሪ የማይገባበት ምሽት ይሆናል ማለት ነው። ይህን የባህል ዝግጅት ማለት በቋንቋ ላይ መቀለድ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። «ሰው ብሩሽ ይፈራል፤ አንድ ብርጭቆ ወይን ፍርሃቱን ያስለቅቀዋል» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ሒሳቡንና ፊዚክሱን ስናሳድድ አንድም ቀን ብሩሽ ሳንይዝ ዩኒቨርሲቲ የገባን ነን። ይህን ረኀብ አንክድም፤ ወረቀቱ በተለጠፈ ጊዜ ያ ሁሉ ተማሪ የተሰበሰበው ከዚህ ረኀብ የተነሣ ነው። ነገር ግን በመጠጥ የተባረረ ፍርሃት ከስካሩ ጋር አብሮ ይመለሳል። የብሩሽን ፍርሃት የሚያባርረው ልምምድ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛ፥ «መገልበጥ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ከናሙና እየገለበጡ ነው ያደጉት» ይሉናል። መልካም ብለዋል፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያሉት። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ይቀመጥ ነበር። ቀለም መፍጨትና መበጥበጥ፥ የጥጥ ጨርቁን ማዘጋጀት፥ ሥዕሉ ካለቀ በኋላም ጨርቁን ከግድግዳው ጋር ማጣበቅ ይማር ነበር። ለእርሱ መገልበጥ የትምህርቱ በር ነበር፤ ለዚህ ምሽት ግን በሩም፥ ቤቱም፥ ጣሪያውም መገልበጥ ነው። በአገራችን የባህል ሥዕሎችም ጠጅ ሞልቷል። የነገሥታቱ ግብር ሲሣል ብርሌው ይደረደራል፥ አሳላፊው ይቀዳል። ልብ በሉ፤ ጠጁ ያለው በሥዕሉ ውስጥ ነው እንጂ በሠዓሊው እጅ አይደለም።

ሦስተኛ፥ «ሠዓሊም እንጀራ ይበላል፤ ይህ ምሽት ለወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ሰጥቷል» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የከበደው ክርክር ነው፤ እኛም አናቃልለውም። በዚያ ቤት ቆሞ የሚያስተምረውን ወንድማችንን ወይም እህታችንን አንወቅስም። የምንወቅሰው ሥራውን ነው። ዓመታት በሙሉ የሰውን አካል፥ የብርሃንንና የጥላን ነገር ያጠና ሰው ያንኑ አንድ ናሙና በየቅዳሜው ሲያስቀባ ሙያው አልተከበረም፤ ተከራየ እንጂ። ሠዓሊው ይከፈለው፤ የሚከፈለው ግን የሚያውቀውን ስላስተማረ ይሁን።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምንለው የት ሆነን ነው? በሥነ ጥበብ በረሃ ውስጥ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚያ አስተማረ፤ እስክንድር ቦጎሲያንም አስተማረ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በመሥራቹ ስም እየተጠራ የዩኒቨርሲቲያችን አካል ነው። በገብረ ክርስቶስ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከስድስት ኪሎ በእግር ይደረሳል። ቁልቁል በአፍንጮ በርና በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ የወረደ ሰው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ ማየት ይችላል። ይህ ሁሉ በዙሪያችን ቆሞ ሳለ ከአሜሪካ የመጣ የማታ ጨዋታ የሥዕል በር ይሁነን ማለት ከወንዝ ዳር ቆሞ ውኃ መግዛት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ። ስለ መፍረሱ እያንዳንዳችን የየራሳችን አስተያየት አለን፤ ክርክሩን በሌላ ቀን እናደርገዋለን። አንድ ነገር ግን አያከራክርም። በእነዚያ ሰገነቶችና በእነዚያ ቆርቆሮዎች ሥር ለዓመታት ስናልፍ ቁጭ ብለን የሣልናቸው ስንቶቻችን ነን? «ፎቶግራፍ አለ» ትሉ ይሆናል። ፎቶግራፍ በአንድ ቅጽበት ይነሣል፤ ለመሣል ግን አንድ ሰዓት ሙሉ መመልከት ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት የተመለከተውን ነገር ሰው በቀላሉ አይረሳውም፥ በቀላሉም አይሰጠውም። በዚያ ምሽት ግን ለናሙና የሚቀርበው የባሕር ዳርቻ ጀንበርና የፓሪስ ማማ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለችው አፍንጮ በር ናሙና ለመሆን አልበቃችም!

ስለዚህ ለተቃውሞ ብቻ አልተነሣንም። ለመጪው ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ ማኅበሩ ትኬቱን አይሽጥ፤ በምሽቱም ላይ ስሙን አያኑር። መሄድ የሚፈልግ በራሱ ገንዘብና በራሱ ስም ይሂድ።

2ኛ/ በምትኩ ለ12 ሳምንት፥ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፥ ለጀማሪዎች የሚሆን ነጻ የሥዕል ትምህርት በግቢያችን ይከፈት። አስተማሪዎቹ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይሁኑ፤ ማኅበሩም ለድካማቸው አበል ይክፈላቸው። በነጻ አሠርቶ «ፍቅረ ጥበብ» ማለትን አንፈልግም።

3ኛ/ የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በወረቀትና በከሰል ብቻ ይሁኑ፤ ጀበናና ስኒ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ቀጥሎ ቀይ፥ ቢጫ፥ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ይግባ፤ ሌላውን ሁሉ ተማሪው ከእነዚህ ራሱ ይደባልቅ። የመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት በአፍንጮ በርና በፒያሳ መንገዶች ላይ ይሁኑ። ወጪው ከባድ ነው የሚል ቢኖር ይህን ይስማ፤ ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሥሉበት መልካም ከሰል የሚሠራው ከወይን ቅርንጫፍ ነው። ደረቁን ቀንበጥ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቶ፥ ጭሱ እስኪቆም እሳት ላይ ማቆየት ነው። ለጀማሪ ሠዓሊ ወይን የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው።

4ኛ/ መምህሮቻችን አንድ ክፍል በቁልፍ እንዲሰጡን፥ ከመካከላቸውም ፈቃደኛ የሆኑ ከእኛ ጋር ተቀምጠው እንዲሥሉ በአክብሮት እንጠይቃለን። መምህር ብሩሽ ሲፈራ ያየ ተማሪ የራሱን ፍርሃት ይንቃል።

5ኛ/ በ12ኛው ሳምንት መጨረሻ ሥራዎቹ ሁሉ፥ የተበላሹትም ጭምር፥ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ያን ቀን አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ሆኖ ካልተገኘ ወቀሳውን እንቀበላለን።

ከዚያ በኋላ ደስ ያለው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ወርዶ በብርሌም በብርጭቆም ደስታውን ይግለጽ፤ ማንም አይከለክለውም። ሥራ ከተሠራ በኋላ የሚጠጣ መጠጥ የራሱ ክብር አለው።

ወንድሞችና እህቶች፥ ጥያቄው ስለ አንድ ቅዳሜ ማታ አይደለም። ብሩሽ ለመያዝ የሚፈልገው ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህን ፍላጎት ነጋዴው ከእኛ ቀድሞ አይቶታል። ማኅበራችን ፍላጎቱን በትኬት ሊሸጠው ነው ወይስ በትምህርት ሊመልሰው? በስብሰባው ተገኙ፤ እጃችሁንም አውጡ። ብሩሹና ብርጭቆው ይለያዩ!