ወንበሩ የማን እንደሆነ ጠይቀናል፤ ውሃውስ?

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ክርክራችን «ይሄ ለማን? ያ ለማን?» ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ተሰጠ፣ ውጤቱ ተነገረ፣ ክርክሩም በረደ። ከዚያስ?

ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ የሁለቱም ጉባኤ መራጭ እኩል ተጠማ። ጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ጀሪካኑ አንድ ነው።

ድምፅ አማና ነው ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን አማና ሰጥቶ ዝም ማለት የለም፤ ባለቤቱ ይጠይቃል! የመረጣችሁትን ሰው ስም የማታውቁ ከሆነ ማንን ልትጠይቁ ነው? ስሙን እወቁ፣ በሩን አንኳኩ፣ «ውሃውስ?» በሉት። ለቀጣዩ ምርጫ የሚያዘጋጃችሁ ይህ ነው።