የጡረታ መኪና በአልጋው አይመረጥም

በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ተመላልሰናል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ የዚያኑ ያህል። ከኢሲዮሎ ወደ ላይ ያለው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት፣ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን አቧራ ስንቅም የዋልንባቸውን ቀናት የምታውቁ ታውቃላችሁ። የት ጎሚስታ እንዳለ፣ የት ሻይ እንደሚጥም፣ የት ፍተሻ እንደሚበዛ ዓይናችንን ጨፍነን እንናገራለን።

ኤል ሶድን ግን አላየንም። ከዱብሉቅ ገባ ብሎ፣ ሰዎች እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ወርደው ጨው የሚያወጡበትን፣ አህዮች ዳገቱን ተሸክመው የሚወጡበትን ያን ጥቁር ሐይቅ ከውጭ የመጣ ቱሪስት ሁሉ ያየዋል። እኛ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈናል። ሁልጊዜ ጭነት ነበረብን፤ ሁልጊዜ የሚጠብቀን ደንበኛ ነበር። የማርሳቢትን ደንም ያየነው በመስኮት ነው።

ዘንድሮ የናይሮቢውን ሱቅ ለልጆቻችን አስረከብንና ባልና ሚስት ሆነን መኝታ ያለው መኪና ፍለጋ ወጣን። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ተቆጡ። «በዚህ ዕድሜ መኪና ውስጥ ማደር ምን ይባላል? ገንዘቡን የሚከራይ ቤት ሥሩበት» አሉን። ክፉ ምክር አይደለም። ነጋዴ ነንና መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እንደሚወርድ እናውቃለን። ስለዚህ ትርፍ ያመጣል ብለን አንዋሽም። ጉልበታችን ሳይከዳን በፊት የቀረብንን ለማየት የምንከፍለው ወጪ ነው። ወጪ ከሆነ ደግሞ ልኩ መታወቅ አለበት። መኪናው ቢገለበጥ ኑሯችን አብሮ መገልበጥ የለበትም። ይዘን ከወጣነው ገንዘብ ከሦስት አንዱን እጅ አናሳልፍም ብለን ወሰንን፤ ይህም መኪናውንም ማሠሪያውንም ይጨምራል። በብድር መግዛትማ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አራት ወር ፈለግን። አሁን አቋም አለን፤ በዕድሜ እኩዮቻችን ለሆናችሁና ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ልናካፍላችሁ ወደድን። የጡረታ መኪና የሚመረጠው በመሪው፣ በወረቀቱና በመለዋወጫው ነው። አልጋ ማንም አናጢ ይሠራዋል።

መጀመሪያ መሪውን እንይ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በግራ ይነዳሉ፤ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ በቀኝ። ጭነት ስንልክ ይህ የሾፌሩ ችግር ነበር፤ አሁን የእኛ ሆነ። የኬንያ ታርጋ ያለው መኪና መሪው በቀኝ ነው። ይህን መኪና ይዛችሁ ከሞያሌ ወደ ያቤሎ ስትወጡ፣ ፊታችሁ ሲኖትራክ ካለ ሾፌሩ ለመቅደም መንገዱን ማየት አይችልም። የሚያየው በግራ ወንበር የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ያልነዳው ሰው እንቅልፍ የለውም፤ «እለፍ»፣ «ቆይ» ማለት ሥራው ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዓይናችሁ ከደከመ ይህን አስቡበት።

ማንም ያልነገረን ደግሞ የበሩ ነገር ነው። ለኬንያ መንገድ የተሠራ ሚኒባስ ተንሸራታች በሩ በግራ በኩል ነው፤ ናይሮቢ ላይ ወደ እግረኛ መንገድ ያወርዳችኋል። ኢትዮጵያ ገብታችሁ መንገድ ዳር ስትቆሙ ግን ያው በር ወደ አስፋልቱ መሐል ይከፈታል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ቀስ ብሎ ሲወርድ ከኋላ አውቶቡስ ሲመጣ አስቡት። ስለዚህ ድንበር ለመሻገር ካሰባችሁ በሁለቱም ጎን በር ያለውን ፈልጉ። ከጃፓን ከሚመጡት ሃይኤስ ሚኒባሶች ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ።

የቱን መሪ እንምረጥ ለሚል መልሳችን አጭር ነው፤ ብዙ ሌሊት የምታድሩበትን አገር ምረጡ። እኛ ኑሯችን ናይሮቢ ነው፤ ኢትዮጵያ በዓመት አንድ ጊዜ እንሄዳለን። ስለዚህ የኬንያ ታርጋ። ሀዋሳ ወይም አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ እዚያው ያለውን ግዙ። ኬንያ፣ ከጥቂት ልዩ ተሽከርካሪዎች በቀር፣ መሪው በግራ የሆነ አትመዘግብም። ኢትዮጵያም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። «ከዚህ ገዝተን እዚያ እናስመዘግባለን» የሚል ደላላ ከመጣባችሁ ቡናውን ጠጡና ሸኙት።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ወደ ጎረቤት አገር የምትገቡት በጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ መኪናው የተፈቀደለት ቀን ሳያልፍ ተመልሶ መውጣት አለበት። የመድን ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን በስም ብቻ እናውቀዋለን። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ በሌላ አገር ሰው ላይ ወይም በሰው ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። የራሳችሁን መኪና አያሠራላችሁም። በነጋዴነታችን ዘመን የተበላሸውን የመኪናው ባለቤት ይሸከም ነበር፤ አሁን የመኪናው ባለቤት እኛ ነን። ሙሉ መድን ስትገቡ ድንበር ሲሻገር ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። «አዎ፣ ችግር የለም» የሚል የቃል መልስ ማርሳቢት ላይ አያገለግልም።

እዚህ ላይ ለነጋዴ ወገኖቻችን የምንለው አንድ ነገር አለ፤ የሚከፋንም ሰው ይኖራል። በዚህ መኪና ምንም ነገር አትነግዱበት። እጃችን እንደሚበላን እናውቃለን። ባዶ ቦታ ያለው መኪና ይዞ ድንበር መሻገር ለእኛ ኃጢአት ይመስለናል። «ሁለት ጆንያ ብቻ ከአልጋው ሥር፣ ለነዳጅ ትሆናለች» ይባላል። ግን በመንገደኛ ስም ገብታችሁ ሸቀጥ ከተገኘባችሁ፣ የሚያዘው ሁለቱ ጆንያ ብቻ አይደለም፤ ቤታችሁን ነው የሚይዙት። ጉምሩክም ፊታችንን ያውቀዋል፤ ሠላሳ ዓመት ያየን ሰው «ለሽርሽር ነው» ስንለው ቢፈትሽ አንፈርድበትም። እኛ አልጋውን ከወለሉ ጋር በብሎን አሥረን፣ ፍሪጁን፣ ባትሪውንና የፀሐይ ሰሌዳውን በዝርዝር ጽፈን ከመኪናው ወረቀት ጋር ልንይዝ ወስነናል። ስንወጣ ያለው ዕቃ ስንመለስም ያው መሆኑ ይታያል።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። አራት ዓይነት መኪና አየን። አንደኛው ከአውሮፓ ተሠርቶ የመጣ፣ ሽንት ቤቱም ምድጃውም ያለው ነበር። ልብ ይሰርቃል። ግን የውኃ ፓምፑ ቢሰበር ያቤሎ ላይ ማን ይጠግነዋል? ሁለተኛው ላንድክሩዘር ሲሆን ድንኳኑ ፖርቶመጋላው ላይ ነው። ለወጣት ጥሩ ነው። እኛ ግን ሌሊት ሁለት ጊዜ እንነሳለን፤ በስድሳ ዓመት መሰላል በጨለማ መውረድ አያዋጣም። ሦስተኛው ኮስተር ነው፤ ቆመው ይሄዱበታል፣ ነገር ግን ሁለት ሰው ለማስተኛት የአውቶቡስ ነዳጅ ማቃጠል ነው።

አራተኛው ያው የምናውቀው ሃይኤስ ነው። አዲስ አበባ አባዱላ ይሉታል፤ ናይሮቢ ማታቱ ነው። ከሀዋሳ እስከ ኢሲዮሎ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ባሌስትራውን የማያውቅ መካኒክ አታገኙም። ረጅሙ ዓይነት 5 ሜትር ከ38 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ88 ስፋት አለው፤ አልጋም ምድጃም ይበቃዋል። ጣሪያው ከፍ ያለውን ፈልጉ፤ ጎንበስ ብሎ መልበስ ለአንድ ቀን ያስቃል፣ ለአንድ ወር ወገብ ይሰብራል። እንከንም አለው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ በዲዳ ጋልጋሉ በረሃ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። ሆዱም ለመሬት ቅርብ ነውና ድንጋያማ መንገድ አይወድም። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ የአገሬውን ላንድክሩዘር ተከራይቶ መግባት መኪናን ከመስበር ይረክሳል።

ያገለገለ ስትገዙ ማታቱ የነበረውን ለዩ። ቀለም ተቀብቶ «የቤተሰብ ነበር» ይባላል። ምንጣፉን አንሡ፤ ወለሉ ላይ የወንበር ብሎን ቀዳዳ በተርታ ካለ፣ የበሩ ሀዲድ ከተበላ፣ መርገጫው ካለቀ፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ሲጭን የኖረ ነው። ኬንያ ስምንት ዓመት ያለፈውን ያገለገለ መኪና ስለማታስገባ፣ ከሞምባሳ አዲስ የገባውን መግዛት ይወደዳል፣ ግን ዕድሜው ይታወቃል። ከሁለቱ እኛ ይህን መርጠናል።

ማሠሪያውን ለጁዋ ካሊ ፉንዲ ስጡት፤ እነርሱ ላሜራና ብየዳ ያውቃሉ። ከማሠራታችሁ በፊት ግን ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፋችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ሦስት ሌሊት እደሩበት። እኛ አድረን አልጋው ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት አወቅን፤ ጠርዙ ላይ ስንቀመጥ እግራችን መሬት መንካት አለበት። ውኃ በትልቅ ታንከር አንይዝም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ከእንግዲህ አናነሣውም፤ ስድስት ባለ 10 ሊትር ይበቃናል። ቡናችንን ደግሞ የምናፈላው ውጭ ብቻ ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ብርድ ቢሆን፣ የከሰል ምድጃ መኪናው ውስጥ አይገባም። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ተኝተው ያሉ ሰዎችን ይገድላል።

ማታ አንነዳም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቆመናል፤ ደግነቱ ሰዓት አቆጣጠራችን ከስዋሂሊው ጋር አንድ ነውና ዘበኛውም እኛም አንሳሳትም። ብቻችንን መንገድ ዳር አናድርም፤ የሆቴል ግቢ ወይም የከባድ መኪና ማደሪያ ከፍለን እንገባለን። ከመውጣታችን በፊትም ከሚመጡት ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሰላም እንጠይቃለን፤ ይህን ሙያችን አስተምሮናል።

ልጆቻችን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ታናሿ ግን ባለፈው ሰንበት መጥታ መጋረጃውን ለክታ ሄደች። ሰማያዊ ይሁን ብላለች። እኛ አቧራ የማያሳይ ቡናማ ፈልገን ነበር፤ ሰማያዊ ይሁን ብለናል።

ዝናቡ ሲያባራ እንወጣለን። ዱብሉቅ ላይ በዚህ ጊዜ ወደ ጎን እንታጠፋለን።