ውድድሩ ከሀብሩ ይጀምር

ከወልዲያ ተነስቶ በደሴ መንገድ ስሪንቃን አልፎ መርሳ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይበቃል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ ግን መንገደኛው ወልዲያ ላይ በማለዳ የተከናነበውን ጋቢ መርሳ ሲደርስ አጣጥፎ ይይዘዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል፤ መርሳ ደግሞ ከወልዲያ ዝቅ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ቤቶቻችን ግን ይህን ልዩነት የሚያውቁት አይመስሉም። በሁለቱም ከተሞች አብዛኛው አዲስ ቤት የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ ያው አንድ ዓይነት ቤት ነው። ሰው እንደ አየሩ ልብሱን ሲለውጥ ቤቱ ለምን አይለወጥም?

ይህ ጥያቄ በዛሬው ዘመን ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በሚዘጋጁ ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድሮች ላይ ደጋግሞ ይነሳል። «ተጣጣሚ ንድፍ» የሚባለው አገልግሎቱን፣ ስፋቱን ወይም ሥፍራውን እንደ ነዋሪው ፍላጎትና እንደ አየሩ ጠባይ ሊለውጥ የሚችል ሕንፃ ንድፍ ነው። ሐሳቡን ቀደም ብለው በጽሑፍ ካብራሩት ባለሙያዎች አንዱ የኔዘርላንዱ ጆን ሀብራከን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ለረጅም ዘመን የሚቆየው የሕንፃው ዋና አካልና ነዋሪው በየጊዜው የሚለውጠው የውስጥ ክፍል ተለያይተው እንዲነደፉ ሐሳብ አቅርቧል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ ጠልፎ የሚሠራው ረጅም ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ክፍል ይቆረጣል፤ ቤቱም በቁመት እያጠረ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ከወልዲያ በስተምሥራቅ ቁልቁል በሚገኘው በአፋር ምድር ደግሞ ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚያቆሙት ቤት ተፈትቶ በግመል ጀርባ ይጫናል። እነዚህ ግንበኞች ማንም ሽልማት አልሰጣቸውም። ይሁን እንጂ በውድድሮቹ መመሪያ ላይ የሚጻፈውን መስፈርት፣ ማለትም ተፈቺነትን፣ ቀላልነትንና የአካባቢ ቁሳቁስን፣ ከጥንት ጀምሮ ሲያሟሉ ኖረዋል።

ታዲያ ተማሪዎቻችን በእንዲህ ዓይነት ውድድር ለመሳተፍ ሲያስቡ ምን ይዘው ይቀርባሉ? ይህ ጸሐፊ እንደታዘበው ብዙዎቹ አይተውት በማያውቁት ከተማ መካከል የቆመ፣ በኮምፒውተር ያሸበረቀ የመስተዋት ሕንፃ ይስላሉ። የሌላውን ሰው ጥያቄ ለመመለስ ይደክማሉ፤ የራሳቸው ጥያቄ ግን ደጃቸው ላይ ቆሟል።

በሀብሩ ወረዳ በሚገኘው የጃራ መጠለያ ጣቢያ ከምዕራብ ኦሮሚያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በሸራና በላስቲክ ሥር ዓመታትን አሳልፈዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰበት ጊዜም የትምህርት ቤት ክፍሎች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነው ነበር። ሸራ ስስ በመሆኑ ሙቀት የማጠራቀም አቅም የለውም፤ ስለዚህ ቀን ፀሐይዋ በቀጥታ ታግለዋለች፣ ሌሊት ደግሞ ያገኘውን ሙቀት ፈጥኖ ይለቃል። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መስፈርት መሠረት አንድ ሰው ማብሰያ ቦታን ሳይጨምር ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ማግኘት አለበት። ይህም አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 17.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን ስፋት ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቃት፣ በክረምት ደረቅ አድርጎ፣ በኋላም ፈትቶ መውሰድ እንዲቻል መንደፍ ለማንኛውም ዓለም አቀፍ መድረክ የሚመጥን ጥያቄ ነው።

«ተፈናቃይ የሚፈልገው ወደ ቀዬው መመለስን እንጂ የተማሪ ንድፍ አይደለም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ተቃውሞው እውነትነት አለው። መጠለያን ያሳመረ ሰው ሳያስበው መፈናቀልን ሊያደላድል ይችላል። ነገር ግን የተጣጣሚ ንድፍ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሸራ ሲያረጅ ይጣላል፤ በሲሚንቶ የተገነባ ቤት ደግሞ ባለቤቱ ሲሄድ እዚያው ይቀራል። በብሎንና በገመድ የተያያዘ ማዕቀፍ ግን ተፈትቶ በጭነት መኪና ወደ ቀዬ ሊመለስና የአዲሱ ቤት ምሰሶና ክዳን ሊሆን ይችላል። የመማሪያ ክፍልም በችግር ጊዜ ለቤተሰቦች የሚከፋፈል፣ ችግሩ ሲያልፍ ወደ ክፍልነቱ የሚመለስ ሆኖ ቢነደፍ ተፈናቃዩን ለማስጠለል የተማሪው ትምህርት ለረጅም ጊዜ መቋረጥ የለበትም።

ሌላው መሠረታዊ ነጥብ የዳኝነት ጉዳይ ነው። አንድ የስዊድን ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና ከአይኪያ ፋውንዴሽን ጋር የሠራው ተገጣጣሚ መጠለያ በስፋት ከመሰራጨቱ በፊት ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ዶሎ አዶ ነበር። ስፋቱም 17.5 ካሬ ሜትር ነው። መጠለያው በለንደን የዲዛይን ሙዚየም የ2016 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱ ምርጥ ንድፍ ተብሎ ተሸልሟል። ከሽልማቱ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ፣ የዙሪክ ከተማ በእሳት ፍተሻ ባገኘው ውጤት ምክንያት በመጠለያው ለመጠቀም የነበረውን ዕቅድ ሰርዟል። ከዚህ የምንማረው ሽልማት ሌላ፣ ፈተና ሌላ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የተጀመረውና በ2019 በሞሮኮ ቤንጌሪር ከተማ የአፍሪካ ዙሩን ያካሄደው የሶላር ዴካትሎን ውድድር ክብር ያገኘው ተማሪዎች ቤቱን በእውን ሠርተው እንዲያስለኩ በማስገደዱ ነው።

«ለዚህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በበርሊን ገና ተማሪ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከአካባቢው ሸክላ አፈር ትምህርት ቤት ሠራ። ቆርቆሮውን ከጣሪያው ከፍ አድርጎ በማንሳት ሞቃቱ አየር እንዲወጣ አደረገ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀበለ። በአዲስ አበባም የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩቱ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጠቀጠቀ አፈርና ከአፈር ጡብ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት መገንባት ጀምሯል። አፈር የሌለው ቀበሌ የለም።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት ወደ ዓለም አቀፉ መድረክ ከመሄድ በፊት ውድድሩ እዚሁ ሊካሄድ ይገባል። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ላይ የግብርና ካምፓስ አለው። የምህንድስናው ተማሪ የማዕቀፉን ጥንካሬ ያስላ፤ የግብርናው ተማሪ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ለግድግዳ የሚሆኑበትን መንገድ ይፈትሽ፤ የፊዚክሱ ተማሪ ቴርሞሜትር ይዞ ሙቀቱን ይመዝግብ። ሁለት ተመሳሳይ ናሙናዎች፣ አንዱ ወልዲያ ሌላው መርሳ ላይ፣ በሙሉ መጠናቸው ይቁሙ። መስፈርቱም አጭር ይሁን፦ በመዶሻ፣ በመጋዝና በመፍቻ ብቻ የሚሠራ፤ በአንድ ቀን የሚፈታ፤ እሳት በቀላሉ የማይዘው፤ አንድ ሙሉ ክረምት የሚችል። ከዳኞቹ መካከል በሸራ ሥር የኖረች እናት ትገኝ። ክረምቱን ያላለፈ ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር ተሸላሚ አይሁን።

ከዚህ ፈተና ያለፈ ንድፍ ወደ ውጭ ሲላክ የሚያቀርበው የሙቀትና የዝናብ መዝገብ፣ የዋጋ ዝርዝርና የነዋሪ ምስክርነት ይኖረዋል። ውጭ ባይሸለም እንኳ ቤቱ ቆሞ ይቀራል፤ ልምዱም ለሚቀጥለው ተማሪ ይተላለፋል። በሥዕል ብቻ የተወዳደረ ተማሪ ካልተሸለመ የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃም ሆናችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመጪውን ውድድር ማስታወቂያ ከመጠበቃችሁ በፊት በዚህ ሳምንት አንድ ቴርሞሜትር በክፍላችሁ ጣሪያ ሥር ስቀሉ፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ የሚያሳየውንም መዝግቡ። የንድፉ የመጀመሪያ ገጽ እሱ ነው።