እናት ስትታመም ሕፃኑ የት ይደር?

ከወለደች ሳምንት ያልሞላት ሴት እንቅልፍ እንቢ ይላታል። ሕፃኑ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እህቷ «አረፍ በይ እንጂ» እያለቻት እንኳ ዐይኗ አይከደንም። ቀጥሎ ንግግሯ ይፈጥናል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ዛሬ ሕፃኑ ልዩ ተልእኮ ይዞ የተላከ ነው ትላለች፤ ነገ ደግሞ ሊወስዱብኝ ነው ብላ በር ትቆልፋለች። የገዛ እናቷን ትጠራጠራለች፣ ቀንና ሌሊቱ ይምታታባታል። ሐኪሞች የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ ይሉታል። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ብዙ እናቶችን ለጥቂት ቀናት ሆድ ከሚያስብሰው ስሜት ይለያል፣ ቀስ እያለ ከሚገባው የድኅረ ወሊድ ድብርትም ይለያል። በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ የሚችል፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ሕመም ነው።

ሆስፒታል ትግባ። ሕፃኑስ?

በአብዛኛው ዓለም ሕፃኑ ቤት ይቀራል፤ አያት ወይም አክስት ትይዘዋለች። እናቲቱ የወሊድ ቁስሏ ሳይሽር፣ ጡቷ ወተት አግቶ፣ ልዩ ልዩ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር በአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትተኛለች። ይህ አሠራር ጥንቃቄ ይመስላል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ እምነት ግን ሌላ ነው፦ እናትን ከአራስ ልጇ ነጥሎ ማስተኛት ራሱ ጉዳት አለው፤ ከእናት አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የሕፃን አልጋም እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሚገርመው፣ መነሻው የእናቶች ሕክምና ሳይሆን የልጆች ሕክምና መሆኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በኒውካስል ከተማ የሕፃናት ሐኪሙ ጄምስ ስፔንስ የታመመ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲተኛ መፍቀድ የጀመሩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ነበር። ያን ጊዜ በሌሎች ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። በ1951 ጆን ቦውልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት ሪፖርት ሕፃንን ከእናቱ መለየት ምን ያህል እንደሚጎዳው በሰፊው አስረዱ። በዚያው ዘመን ጥያቄው ከሌላው አቅጣጫም ተነሣ፤ ታማሚዋ እናት ብትሆንስ? በለንደን ዳርቻ የሚገኘው የካሰል ሆስፒታል ኃላፊ ቶማስ ሜይን በ1948 አንዲትን እናት ከልጇ ጋር ተቀብለው አስተኙ። በ1959 ደግሞ ባንስቴድ በተባለው ሆስፒታል ለእናቶችና ለሕፃናት ተብሎ የተለየ ክፍል ተከፈተ።

ዛሬ በደቡብ ለንደን ያለው የቤተልሔም ሮያል ሆስፒታል ክፍል 13 አልጋ አለው። እንዲህ ባለው ክፍል እናት የራሷ መኝታ ይኖራታል፣ የሕፃኑም አልጋ እዚያው ነው። ከአእምሮ ሐኪሞችና ከነርሶች ጋር በሕፃናት እንክብካቤ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሌት ተቀን አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሕመሙ ሲበረታ፣ እናት ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትሆንም፤ ሁልጊዜ የሚያይ ዐይን አለ። ሌሊት ሕፃኑን ሠራተኞች ይይዙላታል፣ እሷም ትተኛለች። ለዚህ ሕመም እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሕክምናው ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ነው። እየተሻላት ስትመጣ ማጥባቱን፣ ማጠቡን፣ ማባበሉን ቀስ በቀስ ትረከባለች። አንዳንድ ቦታ ከልጇ ጋር ስትጫወት በቪዲዮ ይቀረጽና አብረዋት ያዩታል። «እንዴት እንዳየሽ ተመልከች፣ እሱም እንዴት እንደመለሰልሽ» ይሏታል። እናት መሆን አልችልም ብላ የደመደመች ሴት፣ መቻሏን በዐይኗ እንድታይ ነው።

«ሕፃኑን ብትጎዳውስ?» የሚል ፍርሃት አለ። ከንቱ ፍርሃት አይደለም። አብዛኞቹ ታማሚ እናቶች ልጃቸውን አይጎዱም፤ ነገር ግን ሕመሙ በጠናበት ሰዓት አደጋው ስላለ በቸልታ አይታለፍም። ታዲያ አደጋ ካለ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ሠልጥኖ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቦታ ነው። ሕፃኑን ነጥቆ መውሰድ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ እናቶች ልጄን ይወስዱብኛል ብለው ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

መደበቁ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ብሪታንያ በገዛ ሐኪሟ አይታዋለች። ዶክተር ዳክሻ ኤምሰን የለንደን የአእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ባይፖላር የተባለው ሕመም ነበረባቸው፣ ለእርግዝናቸው ሲሉም መድኃኒታቸውን አቁመው ነበር። በጥቅምት 2000፣ ሴት ልጃቸው ገና የሦስት ወር ሕፃን ሳለች ሕመሙ አገረሸባቸው፤ እናትም ልጅም ሞቱ። በ2003 የወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ሐኪሟ ራሳቸው ያክሟቸው የነበሩ ሰዎች ሊያገኙ ከሚገባቸው ያነሰ ሕክምና እንዳገኙ ገልጿል። የአእምሮ ሕመም በሥራ ባልደረባ ዘንድ የሚያመጣውን ነቀፋ መፍራታቸውና ለወላዶች የተለየ የአእምሮ ሕክምና አለመኖሩም በሪፖርቱ ተነሥተዋል። ስለዚህ ሕመም ከማንም በላይ የሚያውቁ ሴት ለመናገር ከፈሩ፣ ሌላዋ እናት ምን ታድርግ?

ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ2014 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ፣ በወለደች በ12 ወር ጊዜ ውስጥ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል መተኛት ያለባት ሴት የተለየ ምክንያት ከሌለ በቀር ከልጇ ጋር ወደሚያስተኛ ክፍል ትግባ አለ። በ2016 መንግሥት ለወላዶች የአእምሮ ሕክምና ለአምስት ዓመት 365 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ በዴቨን፣ በኬንት፣ በኖርፎክና በላንካሸር አዳዲስ ክፍሎች ተከፈቱ። ዌልስ ግን በ2013 በካርዲፍ የነበራትን ብቸኛ ክፍል ዘግታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታመመች እናት ምርጫዋ ሁለት ሆነ፦ ልጇን ትታ በአገሯ መተኛት፣ ወይም ልጇን ይዛ ከባሏና ከቤተሰቧ ርቃ ወደ እንግሊዝ መሄድ። ስድስት አልጋ ያለው አዲስ ክፍል በቶና ሆስፒታል የተከፈተው በ2021 ነው። አንዴ የተዘጋን በር መልሶ ለመክፈት ስምንት ዓመት ፈጀ።

ገንዘቡ ይህን ያህል ያስፈልጋል ወይ የሚል ሰው መረጃ ይዞ ሊከራከር ይችላል። በ2022 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከልጃቸው ጋር የተኙ እናቶችን በአጠቃላይ ክፍል ከተኙትና በቤታቸው ከታከሙት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ሆስፒታል በመግባት በኩል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ከልጃቸው ጋር የተኙት ግን በሕክምናው ይበልጥ ረክተዋል። የመጀመሪያውን ውጤት መሸፋፈን አይገባም። ሆኖም የዚህ ሕክምና መለኪያ ሆስፒታል መመለስና አለመመለስ ብቻ ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱማ ይሠራል፤ በሮተርዳም ከተማ ዶክተር ቬርለ በርጊንክና ባልደረቦቻቸው 64 እናቶችን ደረጃ በደረጃ በእንቅልፍ መድኃኒት፣ በፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒትና በሊቲየም አክመው ከሞላ ጎደል ሁሉም ድነዋል። በብዙ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ዘንድ የማይገኝ ተስፋ ነው። ጥያቄው እናቲቱ ስትድን ወደ ማን ትመለሳለች የሚለው ነው። ሳምንታት ተለይታው ከቆየችው፣ ጠረኗን ከረሳ ሕፃን ጋር እንደ አዲስ ትተዋወቅ? ወይስ ሕመሙም ማገገሙም አብሯት ካለፈ ልጇ ጋር ትውጣ? ሴቶቹ የትኛውን እንደሚመርጡ ተናግረዋል፤ የነሱ ቃል ከሌላው ቁጥር ያነሰ ማስረጃ አይደለም።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው እንዳይባል ባንጋሎር አለ። የሕንድ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም (ኒምሃንስ) በ2009 አምስት አልጋ ያለው የእናቶችና የሕፃናት ክፍል ከፈተ። ሥራውን የመሩት ዶክተር ፕራባ ቻንድራ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በደመወዝ የሚሠራውን ትልቅ ድርሻ እዚያ የምትሸፍነው አብራ የምትተኛ የቤተሰብ ሴት ናት፤ እናት፣ እህት ወይም አማት። ሕፃኑን ትይዛለች፣ ሕመሙን ከሐኪሞቹ ትማራለች፣ ቤት ሲመለሱም ምልክቱን ለይታ ታውቃለች።

በአንጻሩ በሀብታሟ አሜሪካ በ2011 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል አምስት አልጋ ያለው የወላዶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተከፍቷል፤ ሕፃናት ግን ቀን ይመጣሉ እንጂ አብረው አያድሩም። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር፣ እናቷ አገር ቤት ያለች፣ ባሏ ሁለት ሥራ የሚሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ይህ ሕመም ቢይዛት ሕፃኑን ለማን ትሰጠዋለች? ይህ እዚያ ላሉ ማኅበሮችና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የባንጋሎሩ መንገድ ለአዲስ አበባ ባዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታል አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ብርቅ ነው። አራስንም ብቻዋን አለመተው በብዙ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው፤ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አጠገቧ ሰው አይጠፋም። ገንፎውም አጥሚቱም የሚቀርበው በሰው እጅ ነው። ስለ ወላዶች የአእምሮ ጤናም አገር ውስጥ የተሠራ እውቀት አለ። ዶክተር ሻርሎት ሃንለን፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 1,065 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው ነበር። በእርግዝና ጊዜ ጭንቀትና ድብርት የበረታባቸው ሴቶች ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ የመርዘም፣ ጡት መስጠት የሚጀምሩበትም ሰዓት የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ እንደነበር አገኙ። የእናት አእምሮና የሕፃን ጤና አንድ ላይ የተያያዙ መሆናቸውን ለማመን ከዚህ ወዲያ የውጭ አገር ምስክር አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። ከ1,000 አንዷ ብቻ ብትታመም እንኳ በዓመት ከ3,000 በላይ እናቶች ማለት ነው። ይህ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ አልጋ ለማሰብ ግን ይበቃል። አማኑኤልን የመሰለ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ወይም የማዋለጃና የሕፃናት ክፍል ያለው ትልቅ ሆስፒታል፣ አራት ወይም አምስት አልጋ ለይቶ ቢጀምር አይከብደውም። የሚቆለፍ በር፣ የሕፃን አልጋ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አስታማሚዋ የምትተኛበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ የሠለጠኑ ነርሶች ያስፈልጉታል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ጸበል ወስዷት ከሆነ ለምን ብሎ መቆጣት አያዋጣም፤ ካህኑም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አራስ እንቅልፍ አጥታ ስትቃዥ የዚያኑ ቀን ሐኪም እንዲያያት የሚልኩ ሰዎች ቢሆኑ ነው የሚሻለው።

ሥራው እናቲቱ ስትወጣም አያልቅም። በብሪታንያ ከወለዱ ከስድስት ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በቀጥታ ከተያያዙት የእናቶች ሞት ምክንያቶች ቀዳሚው ራስን ማጥፋት ነው። በዚህ ጊዜ ደግሞ እንግዳው ተበትኗል፣ ጠያቂውም ቀንሷል፤ ክትትሉ መጥበቅ ያለበት ያኔ ነው። አንድ ጊዜ የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ የያዛት ሴት ደግሞ በሚቀጥለው ወሊድ የመታመም ዕድሏ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ልጇን ታቅፋ ከክፍሉ ስትወጣ እጇ ላይ የሚሰጣት ወረቀት የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ መሆን የለበትም፤ ዳግመኛ ለማርገዝ ስታስብ ማንን ማማከር እንዳለባት፣ ሊቲየም እንደወለደች ወዲያው መጀመር ይኖርባት እንደሆነ፣ በወለደች ሳምንት ሌሊት ሕፃኑን ማን እንደሚይዝላት የሚገልጽ ዕቅድ አብሮ ሊጻፍላት ይገባል። ያን ዕቅድ ባሏም፣ እናቷም፣ የምታዋልዳት ሴትም ቅጂው ይኑራቸው።