ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት የማን ናቸው?

በከተማ ከሚኖሩት ክርስቲያኖች ብዙዎቹ ጾምን በሚጠብቁበት ትጋት ጸሎትን አይጠብቁም። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካው ወጥ ቢቀርብለት ፊቱን የሚያዞር ሰው፥ በዚያው ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ስመ እግዚአብሔርን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ቢውል አያፍርም። በገበያ ሲምል የጠራው እንደ ሆነ፥ ያ ከጸሎት አይቈጠርለትም። በዐቢይ ጾምም ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሰዓቱን ደጋግሞ ይመለከታል፤ በሞላም ጊዜ እጁን ታጥቦ ወደ ማዕድ ይቀርባል። ያች ሰዓት ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠባት የጸሎት ሰዓት መሆኗን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ስለ እንጀራው የጠበቃትን ሰዓት ስለ ጸሎቷ አይጠብቃትም።

ይህን ሰው ስለ ምን እንደማይጸልይ ቢጠይቁት መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ሰባቱ ጊዜያት ለመነኵሴና ለካህን የተሠሩ ናቸው፥ ባለ ሥራ ሰው ግን ጾሙን ከጾመ፥ ምጽዋቱን ከሰጠ፥ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ከተሳለመ ይበቃዋል ይላል። ገንዘብ ያለውም ዳዊት የሚደግምለት ሰው ይፈልጋል። የሌላውን ጸሎት መለመን ሐዋርያትም ያደረጉት ነገር ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ከአባቱ ጋራ ዕለት ዕለት በነገረ ፈጅ የሚነጋገር፥ ራሱም ወደ አባቱ ቤት ከቶ የማይገባ ልጅ ቢገኝ፥ ጎረቤቱ ሁሉ፦ እነዚህ ሰዎች ተጣልተዋል ማለቱ አይቀርም።

ለመሆኑ ሰባቱ ጊዜያት የመነኮሳት ብቻ ናቸው ያለ ማን ነው? ፍትሐ ነገሥት ስለ መነኮሳት የሚናገረው በአንቀጽ 10 ነው፤ ስለ ጸሎት የሚናገረው ግን በአንቀጽ 14 ነው፤ በዚያም ነግህን፥ ሠለስትን፥ ቀትርን፥ ተሰዓትን፥ ሰርክን፥ ንዋምንና መንፈቀ ሌሊትን የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ አድርጎ ይቈጥራል። ከዚያም የቀደመው፥ በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥ የሚገኘው ሥርዓት፥ ምእመናን ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን ታጥበው እንዲጸልዩ ያዝዛል፤ ሦስት ሰዓት በቤቱ ያገኘው በቤቱ፥ በሌላ ስፍራ ያገኘው ግን በልቡ እንዲጸልይ ይፈቅዳል። እንግዲህ ይህ ትእዛዝ ለማን ተጻፈ? በበኣቱ ለሚኖር መነኵሴ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ማለት ምን ያስፈልገዋል? በሌላ ስፍራ የሚገኘውስ ማን ነው? ወደ ገበያ የወጣው፥ ወደ ዳኛ የሄደው፥ በመንገድ ያለው ሰው አይደለምን? የቅርጣግናው ተርቱልያኖስም፥ ምንም እንኳ በኋላ ዘመኑ ከቤተ ክርስቲያን ቢለይ፥ ሦስት፥ ስድስትና ዘጠኝ ሰዓት የተመረጡት በሰው ሁሉ ዘንድ ቀኑን የሚከፍሉ፥ ሥራን ከሥራ የሚለዩ ሰዓቶች በመሆናቸው እንደ ሆነ ጽፏል። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን የሚከፍልበትን ሰዓት፥ ሥራ ስላለኝ አልጸልይበትም ይላል!

ሥራ በዝቶብኛል የሚል ሹም ካለ ደግሞ ዳንኤልን ይመልከት። በመንግሥቱ ላይ ከተሾሙት 120 መኳንንት በላይ ከነበሩት ሦስት አለቆች አንዱ ሲሆን፥ ሞት የሚያመጣ ዐዋጅ ታውጆ ሳለ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ መንበርከኩን አልተወም። ነህምያም የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበረ፤ ንጉሡ ጠይቆት ሳለ፥ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ያ ጸሎት ስንት ቃል እንደ ነበረው መጽሐፍ አልነገረንም፤ ነገር ግን ንጉሥን የሚያስቈጣ መዘግየት ያልነበረበት መሆኑ የታወቀ ነው።

ለኢትዮጵያ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ምክንያት ማብዛት አያምርበትም። አውሮጳዊው በወንጌል ስለ ሦስት ሰዓት ሲያነብ ወደ ራሱ አቈጣጠር ለመመለስ ስድስት መጨመር አለበት። የአዲስ አበባው ጸሐፊ ግን በእጁ ያለው ሰዓት ሦስት ሲል መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደባት፥ ስድስት ሲል ጌታ በመስቀል ላይ የነበረባትና ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ የጸለየባት፥ ዘጠኝ ሲል ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡባት ሰዓት ናት። ሒሳብ አያስፈልገውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን አጥፎ ወደ ምሳ ይነሣል፤ በዚያች ጊዜ ቆሞ አንድ አባታችን ሆይ ቢደግም ምሳው አይቀዘቅዝም።

የተማረው ወገን የሚያመጣው መልስ ከዚህ ይለያል። እርሱ፦ ሥራዬ ጸሎቴ ነው፤ እግዚአብሔር ልብን ስለሚያይ ቃል አያስፈልግም ይላል። በዚህ ነገር ውስጥ እውነት አለ፤ ሚዛን እያጐደለ ጸሎት የሚያስረዝም ነጋዴ እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል፥ የፈሪሳዊው ታሪክም የተጻፈው ስለ እንዲህ ያለው ነው። ነገር ግን ያ የተማረ ሰው ደመወዝ እንዲጨመርለት ሲሻ፥ አለቃዬ ልቤን ያውቃል ብሎ ማመልከቻ መጻፉን አይተውም፤ የወደዳትንም ሴት፥ ፍቅሬ በልቤ አለ ብሎ ዓመት ሙሉ ሳያነጋግራት አይኖርም። ዝም ማለት የሚበቃው ከእግዚአብሔር ጋራ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ፥ በገበያ የሚመላለስም በሱቁ ተቀምጦ ቆዳ የሚሰፋም ነፍሱን ወደ እግዚአብሔር ማንሣት እንደሚችል አስተምሯል፤ ያስተማረው ግን እንዲጸልዩ ነው እንጂ ስፌቱን ጸሎት ብለው እንዲጠሩት አይደለም።

በደሉ ሁሉ በሕዝባዊው ላይ ብቻ ቢጫን ግን ፍርዱ ይዛባል። አንድ ነጋዴ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ እንዴት እንደሚጸልይ ቢጠይቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው፦ ዳዊት ድገም የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን የሰኞ ድርሻ ሠላሳ መዝሙር፥ ይኸውም ሦስት ንጉሥ ነው። ግእዝ ያልተማረ ሰው ይህን ሰኞ በቅንዓት ይጀምረዋል፥ ማክሰኞ ይታክተዋል፥ ረቡዕ ይተወዋል፤ ከዚያ ወዲያ የተወውን እያሰበ ስለሚያፍር አጭሩንም ጸሎት አብሮ ይተወዋል። ለታመመው ሰው ጾምን በአቅሙ የሚያቀልል ካህን፥ ጸሎትን በአቅም መመጠን ስለ ምን ይከብደዋል? አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሰው ሰዓታት የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ነው፤ ሌሊቱን ቆመው የሚያደርሱት ሊቃውንት ይክበሩበት፤ በታክሲ ወረፋ ላይ የቆመን ሰው ግን በእርሱ መመዘን አይገባም።

በአማርኛ የሚጸልየውን እንደ ጀማሪ የሚንቅም አልጠፋም። መንፈስ ቅዱስ በወረደበት ቀን፥ በዚያው በሦስት ሰዓት፥ በኢየሩሳሌም የተሰበሰበው ሕዝብ የእግዚአብሔርን ሥራ የሰማው እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ነው። ግእዙን የቻለ በግእዙ ይጸልይ፤ ያልቻለውም በግእዝና በአማርኛ የታተመው የዘወትር ጸሎት በየመጻሕፍት መሸጫው ይገኛል፥ በእጅ ስልክም ሳይቀር ይነበባል፤ የጐደለው መጽሐፍ አይደለም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ስለ ልጆች ነው። የከተማ ልጅ አባቱን በበዓል ቀን ነጠላ አጣፍቶ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያየዋል፤ በቤት ግን ከመኝታው በፊት ሲጸልይ አላየውም። ስለዚህ ጸሎት በቅጥር ውስጥ የሚደረግ፥ በቅጥሩም በር የሚቀር ነገር ይመስለዋል። ይህች ልጅ ነገ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ትቀጠር ይሆናል። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ በሌላውም አገር ቢኖር፥ አሠሪዋ በሰንበት ካላስወጣቻት ለእርሷ እንደሌለ ነው። ደወል አትሰማም፥ ጠበል አታገኝም፥ የንስሐ አባት አጠገቧ የለም። ከሀገሯ ይዛ የሄደችው ጸሎት በእናትና በአባቷ ቤት ሲደረግ ያየችው ብቻ ነው። እነርሱም በቤት ያላሳዩአት እንደ ሆነ፥ በዚያ በሰው ማድ ቤት በመንፈቀ ሌሊት ብቻዋን ስታለቅስ የምትለው ቃል ከየት ታመጣለች?

እንግዲህ የንስሐ አባት ከልጁ ጋራ ሲገናኝ፦ ልጄ፥ ጾምህን ጠብቀሃልን? ካለ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምር፤ ትናንት በስድስት ሰዓት ለእግዚአብሔር ምን አልኸው? ይበለው። ልጁም ምንም አላልሁም ያለ እንደ ሆነ፥ ሦስት ንጉሥ ዳዊት አይዘዝበት። ለነገ አንድ አባታችን ሆይ ይዘዝለት፤ እርሱንም ማታ በቤቱ፥ ሚስቱና ልጆቹ እየሰሙ ይድገመው። በሳምንቱም ካህኑ ተመልሶ ይጠይቀው።